ድምፁ የወረደ ስልክ

ሰኔ 2፣ ሰኞ

ስልኬ ድምፁ ወርዷል። ትናንት ልጄ ደወለች፤ ከውኃ ውስጥ ሆና የምታወራ ነው የምትመስለው። ጣሪያው ማፍሰስ እንደጀመረ ነገርኳት። የሆነ ነገር መለሰችልኝ፤ ምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ከዚያ እንደ ሁልጊዜዋ «አዲሱን ስልክ ግዢ» አለችኝ። እሱን እሱንማ ጥርት አድርጋ ነው የምትናገረው።

ይሄ አዲስ ስልክ ከወጣ ወዲህ ሰው ሌላ ወሬ የለውም። መንገድ ማዶ ባለው ሕንፃ ላይ አንዲት ልጅ ጥርሷን ሁሉ አሳይታ፣ ስልኩን ጉንጯ ላይ አድርጋ ማስታወቂያ ሆና ተሰቅላለች። ምን እንደሚያስቃት አይታወቅም። የእኔው ስልክ ምን አጠፋ? አንድ ጊዜ መዘፍዘፊያው ገንዳ ውስጥ ገብቷል፤ እሱም ቢሆን እኔ ጣልኩት እንጂ ራሱ ዘሎ አልገባም። ፊቱ ተሰነጣጥቋል። ያም ሆኖ ይደውላል፣ ይነሣል፣ ሰዓት ይነግራል። ድምፁ ብቻ ነው።

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ለስልክ ጠጋኙ ሰጠሁት። ከፈተው፣ እፍ አለበት፣ ጆሮው ላይ ለጠፈው፣ መለሰልኝ።

«ምንም የለበትም።»

«እንዴት ምንም የለበትም? አይሰማም እኮ!»

«እኔ እሰማዋለሁ።»

እሱ ይሰማዋል! እሱ ቢሰማው ለእኔ ምን ይፈይድልኛል? ልጄ የምትደውለው ለእሱ አይደለም።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ማታ፣ በጥድፊያ። ሬዲዮ አዲሱን ስልክ ይዛ መጣች።

ሬዲዮ የሥራ ጓደኛዬ ናት፤ የሰማችውን ሳታስተላልፍ ስለማታድር ነው እንዲህ ያልናት። የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበት ቤት ነው የምንሠራው። ትልቁ መተኮሻ ላይ እሷ በግራ እኔ በቀኝ ሆነን አንሶላ እናጎርሰዋለን። እዚያ አዳራሽ ውስጥ በድምፅ አይወራም። ማጠቢያውና መጭመቂያው በአንድ ላይ ሲያጓራ ጉሮሮዋን ብትቀድም የሚሰማት የለም። የምናወራው በከንፈር ነው፤ ቃሉን በአፍ ሰፋ አድርጎ መሥራት ነው፣ አለቀ። አዲስ የገባች ሴት ወር ሳይሞላት ትለምደዋለች። እኔ የአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ ያለችው አጣቢ ስለ አማቷ የምታማውን እዚህ ቆሜ እከታተላለሁ።

የሬዲዮም ወሬ እዚያ ውስጥ አንድ ቃል አያመልጠኝም። ከግቢ ስንወጣ ግን ቃሏን መዋጥ ትጀምራለች። አውቶቡስ ስንጠብቅ፣

«ምነው ከበሩ ስትወጪ አፍሽ ይታሰራል?» አልኳት።

ሳቀች። የሆነ ነገር ደግሞ አለች። አንገቷን ስልኳ ላይ ደፍታ ነው የምትናገረው፤ ማን ይሰማታል! አዲስ ስልክ የገዛ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሆነው። አንገቱን ደፍቶ ያጉረመርማል።

ሰኔ 8፣ እሑድ

ወንድሜ መጣ። ታናሼ ነው፣ ግን አባቴ መሆን ይቃጣዋል። ገና በሩን ስከፍትለት፣

«እትዬ፣ በሩን እስክሰብረው አንኳኳሁ እኮ!»

እንደ ሰው ቢያንኳኳ እከፍትለት ነበር። ገብቶ ሳይቀመጥ ቴሌቪዥኑን ቀነሰው።

«ሰፈሩ በሙሉ ዜና የሚሰማው ካንቺ ቤት ሆነ?»

«ምን ያስጮህሃል? አጠገብህ ነው ያለሁት።»

«ካልጮህኩ መቼ ትሰሚያለሽ!»

ይሄ ነው የመጣብኝ። ግትር ነሽ፣ ምክር አትሰሚም ማለቱ ነው። ከዚያ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ተመለከተና ቆርቆሮው በስብሷል፣ ዝናቡ ሳይጠና ይቀየር አለ። ለጣሪያው ያስቀመጥኩት ገንዘብ እንዳለኝ ያውቃል። ሲወጣ በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ በጣቱ እያስጠነቀቀኝ፣

«ስልክ ምናምን እንዳትዪ!»

ማን ስልክ አለ? እኔ ስልክ አልኩ? ልጄ ናት ያለችው። እሱና እሷ ስለ እኔ ይነጋገራሉ ማለት ነው። ሁለቱም እኔ የሌለሁ ይመስል።

ቴሌቪዥኑን ወደ ነበረበት መለስኩት።

ሰኔ 15፣ እሑድ

ተናድጄ ነው የምጽፈው።

ልጄ ሌላ ከተማ ጸጉር ቤት አላት። ልከፍት ነው ስትለኝ አትክፈቺ፣ ተቀጥረሽ መሥራት ይሻልሻል ብያት ነበር። አልሰማችኝም፤ እንኳንም አልሰማችኝ፣ ጥሩ ይዛዋለች። መስታወቱን ራሷ ነው ተሸክማ ያስገባችው።

ዛሬ ደወለችና ረጅም አወራች። እንዲህ አውርታ አታውቅም። ስልኩ እንደ ልማዱ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ከናካቴው ይጠፋል። እንዲህ ሲያደርገኝ «እሺ፣ ጎሽ» እያልኩ እጠብቀዋለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ይመጣል። ሰው ለእናቱ የሚያወራው ያው ነው፣ ሥራዬ፣ ጤናዬ፣ ኑሮው ተወደደ። ሁለት ጊዜ ቆም አለች። በመጨረሻ የምጠብቀው መልስ እንዳለ ገባኝና፣

«ጎሽ የኔ ልጅ! ደስ ብሎኛል!» አልኳት።

የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ። ዘጋችው። ቻው የለ፣ ደህና ሁኚ የለ።

እናት ላይ ስልክ ይዘጋል? መርቄያት! ደስ ብሎኛል ብያት!

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

አልደወለችም። እኔም አልደውልም። የዘጋ ይክፈት።

ሰኔ 22፣ እሑድ

አልደወለችም። ስልኩን ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ላይ አስቀምጬ ዞር ዞር እያልኩ አየሁት። የመስኮቱን መጋረጃ ሁለት ጊዜ አጠብኩ፤ ንጹሕ ነበር።

አንድ ደግ ነገር፦ ጣሪያው ከሥሩ ያኖርኩት ሳፋ ላይ ጠብ ጠብ ማለቱን ትቷል። በመስኮት ዝናቡ ሲወርድ አያለሁ፣ ውስጥ ግን ጸጥ ነው። ወንድሜ ነገር ማጋነን ይወዳል።

ሰኔ 23፣ ሰኞ

ጠዋት ከአልጋ ስወርድ እግሬ ውኃ ውስጥ ገባ። ሳፋው ሞልቶ፣ ፈስሶ፣ ምንጣፉ ሥር ገብቶ፣ የጫማዬን ሳጥን አበስብሶት አድሯል። ያለ አንዳች ድምፅ!

ይሄ የፕላስቲክ ሳፋ ጥፋት ነው። የዱሮው የቆርቆሮ ሳፋ ቢሆን ጠብ ሲልበት ቤቱን ያናጋው ነበር። የዘንድሮ ዕቃ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ሲበላሽ እንኳ አይናገርም።

ሥራ ዘግይቼ ገባሁ።

ሰኔ 27፣ ዓርብ

አለቃው ከትልቁ መተኮሻ አነሣኝ።

የሆነው ይሄ ነው። አንሶላ ውስጥ ሲጠመጠም ማሽኑ ይቆማል፤ እጃችንን አስገብተን እንስበዋለን። መልሶ ከመነሣቱ በፊት ደወል ይደወላል፣ እጃችንን እናወጣለን። ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ እንደዚህ ነው። ዛሬ እየሳብኩ ሳለ ሬዲዮ ከኋላ ቀሚሴን ጨምድዳ ወረወረችኝ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ቀና ስል አንሶላውን የሚተኩሰው ሲሊንደር ይዞራል።

«ደወሉ ተደውሏል» ይላሉ። ሁሉም። ተስማምተው።

አልተደወለም። ደውል የተባለው ሰውዬ አዲስ ነው፣ እጁ የላላ ነው። ብል የሚያምነኝ አጣሁ። አለቃው ቢሮው አስገባኝና አፉን በመዳፉ ይዞ፣ ጢሙን እያሻሸ፣ ለጠረጴዛው አወራለት። ጢሙ ከንፈሩን ሸፍኖታል፤ ከንፈር የሌለው ሰው ምን ይባላል? አንገቴን እየነቀነቅኩ ቆየሁ። ስወጣ ነው ማጠፊያው ጠረጴዛ ጋ መመደቤን ከሬዲዮ ከንፈር ያነበብኩት። ማጠፊያው! ገና ከመንገድ የገቡ ልጆች ትራስ ልብስ የሚያጥፉበት!

ሬዲዮ አልሄደችም። ከማዶ ቆማ በከንፈሯ፣ ቀስ አድርጋ፣

«እውነት አልሰማሽውም?»

«አልተደወለም» አልኳት።

ረጅም አየችኝ። እኔ መታየት አልወድም።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

አልገዛም። ወስኛለሁ። የሰው ልጅ ስልክ ሳይኖረው ስንት ዘመን ኖሯል፤ እናትና ልጅም ሲጠፋፉ በእግር ይፈላለጉ ነበር። ጣሪያ ነው የሚቀድመው።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

ማጠፊያው ጋ ከመስኮቱ ሥር ቆሜ ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ። ያቺ ልጅ ያንን ሁሉ አውርታ ምን ነበር ያለችው? የመለስኩላት ምን አለው? የመረቀ ይጠላል?

ገባኝ። ስልኩ ነው። በእኔና በልጄ መሃል የገባው እሱ ነው፤ ግማሹን ለራሱ ውጦ ግማሹን ሰጥቶኛል። አለቃውም የዘገየሁ ዕለት ስልክ ደውሎልኝ አልሰማሁትም ነበር። እሱም ከስልኩ ነው። ይሄን ሁሉ ጣጣ ያመጣብኝ እሱ ሆኖ ሳለ እኔ ጠበቃ ቆሜለት ከርሜአለሁ።

ጣሪያው ይቆይ። ሳፋ ይገፋል፣ አልጋም ይገፋል።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ገዛሁት። ተቃጥዬ መጣሁ።

ሱቁ መስታወት በመስታወት ነው፤ ስገባ ከራሴው ጋር ተጋጨሁ። ሻጩ ጺሙን በክር ያስለካ የሚመስል ጎልማሳ ነው፣ «ማዘር፣ ይግቡ» አለኝ። የማን ማዘር ነኝ? አንደኛ ነገር ስልኩ የጣት አሻራ ይፈልጋል አለ። አውራ ጣቴን አስነካሁት። እምቢ። ሌላውን አስነካሁት። እምቢ። እጄን ገልብጦ አየና፣

«ማዘር፣ አሻራዎ የት ሄደ?» ብሎ ሳቀ።

የት ይሄዳል? በረኪናና እንፋሎት ወሰደው። የተኛችሁበትን አንሶላ ማን የሚያነጣው ይመስላችኋል አልኩት። በቁጥር እንዲከፈት አደረገልኝ።

«እኔ የመጣሁት ለድምፁ ነው። አሰማኝ።»

ዘፈን ከፈተ። ደህና ነው፣ ግን የሚያስደንቅ አይደለም።

«ከፍ አድርገው።»

ከፍ አደረገው።

«ከፍ አድርገው እንጂ! ለዚህ ነው እንዴ ሕንፃ ላይ የሰቀላችሁት?»

«ማዘር፣ የመጨረሻው ነው» አለ፤ ጮኾ ስለተናገረ ሰማሁት። አንዲት ሴት የልጇን ጆሮ በእጇ ከድና ታየኛለች። ዘበኛው ከበር አንገቱን አስገብቷል። ሁሉም ያዩኛል። በእንዲህ ያለ ሱቅ ነጠላ ጫማ ያደረገች ሴት አይተው አያውቁም መሰለኝ።

ከዚያ ሻጩ ድምፁን አጥፍቶ ሌላ ነገር አሳየኝ። ስልኩ ሰው የሚናገረውን እየተከተለ ይጽፈዋል። እሱ ሲናገር ፊደሉ ከሥር ይወጣል።

«ይሄ ለምንድን ነው?»

«መስማት ለሚከብዳቸው ነው ማዘር።»

«እኔን ምን አገባኝ?»

ስልኩን ጠቀለለልኝ።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ኩራቴን ውጬ እኔው ደወልኩላት። አነሣች። አወራች።

ድምፁ የወረደ ነው።

አዲሱም! ትናንት የተገዛው! ከውኃ ውስጥ! «ስልኩ ተበላሽቷል፣ ሰኞ እመልሰዋለሁ» ብዬ ዘጋሁባት። ምን ልትለኝ እንደነበር አላውቅም። ሌቦች። ጥርሷን ያሳየችውም ልጅ ሌባ ናት።

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

ከሥራ በቀጥታ ሱቁ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ጣልኩለት። የወረደ ድምፅ ሸጣችሁልኛል አልኩ። ፈተሸው፣ በሌላ ቀየረልኝ። ልጄ ጋ ልደውል አልኩና ተውኩት፤ ሬዲዮ ጋ ደወልኩ። ያው ነው። ሌላ አምጣ አልኩት። ሦስተኛ አመጣ። ያው። ወረፋ የያዙ ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ፤ መቼም ዘንድሮ ሥራቸው ማጉረምረም ነው። የድርጅቱን ኃላፊ ጥራልኝ አልኩት፣ የዋህ መስዬህ ነው አልኩት፣ ያልተናገርኩት የለም። እኔ፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ አለች የለችም የምባለው!

ሻጩ አልተቆጣም። የመጀመሪያውን ስልክ አነሣ፣ አንድ ነገር ነካ፣ ወደ አፉ አስጠግቶ ቀስ ብሎ ተናገረበት። ከዚያ አዙሮ የስልኩን ፊት አሳየኝ። ተጽፏል፦

«እናቴ፣ ስልኩ ደህና ነው።»

ማዘር አላለኝም።

ወስጄው ወጣሁ። ባለጌ።

ሐምሌ 16፣ ረቡዕ

የምጽፈው የለም። ይዘንባል።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

ጠዋት ማሽኖቹ ሳይነሡ፣ አዳራሹ ጸጥ ባለበት፣ ሴቶቹ ተሰብስበው ይስቃሉ። ቀረብኩ። አወሩ። ከበስተጀርባቸው ነበርኩ፣ አንድም አልያዝኩም። ማሽኖቹ ተነሡ። ሁሉም ወደየቦታው ሄዶ ፊቱን ወደ እኔ ሲያዞር የሁሉም ወሬ ጥርት ብሎ መጣልኝ።

ጩኸት ውስጥ እሰማለሁ፣ ጸጥታ ውስጥ አልሰማም። ይሄ ምን ዓይነት ነገር ነው?

ድካም ነው።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ማንበብ የተማርኩት ከሳሙና ከረጢትና ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው፤ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ የተቀደደው ጋ ይቀራል። ስለዚህ አነባለሁ፣ ግን ቀስ ብዬ። ይሄን የምጽፈው ዛሬ የሆነው ሁሉ ለምን ያን ያህል እንደቆየ እንዲገባ ነው።

ያንን የሚጽፍ ነገር ከፈትኩት። ለምን ባክኖ ይቀራል? ከፍዬበታለሁ። ልጄ ጋ ደወልኩ። አነሣች፤ ፊደሉ ከሥር መውጣት ጀመረ።

«እማዬ ደህና ነሽ»

«ደህና ነኝ።»

«ስልኩን ቀየሩልሽ ወይ ድምፁ ተስተካከለ ወይ አሁንስ ይሰማሻል ወይስ»

«ቀስ በይ፤ ፊደሉ ይሮጥብኛል።»

ፊደሉ ቆመ። ከዚያ፦

«የምን ፊደል»

«የምትናገሪውን ይጽፍልኛል።»

እንደገና ባዶ። ሳስበው፣ ያን ጊዜ ማልቀስ ጀምራ ይሆናል። ለቅሶ አይጽፍም። ይህ አንድ ነገር ይጎድለዋል፣ ያንን ለሻጩ እነግረዋለሁ።

«ያን ዕለት ለምን ዘጋሽብኝ?» አልኳት። «እየመረቅኩሽ!»

ቀስ አድርጋ ተናገረች። አንድ በአንድ መጣ፦

«እማ ጸጉር ቤቱን ዘጋሁት አልኩሽ። ባለቤቱ ሕንፃውን ሊያፈርሰው ነው አልኩሽ። መስታወቱን አውርጄ ልሸጠው ስል ተሰበረ አልኩሽ። አንቺ ጎሽ ደስ ብሎኛል አልሽኝ።»

አነበብኩት። መለስ ብዬ ደግሜ አነበብኩት። ፊደል አይወጣም አይወርድም፤ እዚያው ነው የሚቆየው።

«መጀመሪያም አትክፈቺ ብለሽኝ ስለነበር ደግ ሆነ ያልሽኝ መሰለኝ» የሚል ተጨመረ።

ስልኩ እኮ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ስልኩ አዲስ ነው፣ እጄ ውስጥ ነው፣ ያበራል። አፌን ዘጋሁት።

«እማ አለሽ»

«አለሁ።»

«ሰምተሽኝ ነበር ያን ዕለት»

የተናደድኩት በማን እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ ግን በንዴት ነው ያልኩት።

«አልሰማሁሽም። እንደገና ንገሪኝ። ከመጀመሪያው ጀምረሽ።»

ነገረችኝ። ስልኩ እስኪግል አነበብኳት።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

ልጄ መጣች። ከስታለች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ምንጣፉን ነካችና እጇን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ምንም አላለችም፤ ወይም ብላ ይሆናል።

ራት ላይ ስልኩን መሃላችን አስቀመጥነው። ወንድሜ ገብቶ ሲያየን እጁን አናቱ ላይ ጫነ።

«እትዬ፣ አጠገብሽ ተቀምጣ በስልክ ታወሪያታለሽ?»

«አዎ። ይግረምህ።»

«የጣሪያው ገንዘብ መሆኑ ነው ይሄ?»

ልጄ ወደ እሱ ዞራ አጭር ነገር ተናገረች። ስልኩ ጻፈው፣ እኔም አነበብኩት፦ «ተዋት አጎቴ ጣሪያውን እኔና አንተ እንሠራዋለን ከመጮህ ቆርቆሮ ግዛ»። እሱን ዝም ያሰኘ ሰው እስከዛሬ አልነበረም።

ሲወጣ ከበር ተመልሶ መጣና ፊቴ ቆመ። አልጮኸም። አፉን ሰፋ አድርጎ፣ «አይዞሽ» አለኝ። ማን እንዳስተማረው አላውቅም።

ሐምሌ 30፣ ረቡዕ

ልጄ የጆሮ ሐኪም ዘንድ እንሂድ ትላለች። ተጣላን። ሬዲዮም አለችበት፤ ደውላላት ስለ ደወሉና ስለ መተኮሻው አንዷን ሳታስቀር ዘርግፋላታለች። ስሟን እንዲያው አልሰጠናትም።

«ሲሊንደሩ እጅሽን ቢወስደውስ?» አለች ልጄ።

«አልወሰደውም። የእኔ ጆሮ ደህና ነው። ሰዉ ነው የሚያጉረመርመው።»

«እሺ እማ። ሰዉ እንደሚያጉረመርም ሐኪሙ ይመርምርልን።»

አፏ የእኔው ነው፤ ምን ላድርጋት! እሄዳለሁ አልኩ፣ አፏን ለማስያዝ።

አለቃው ካወቀ ማጠፊያውንም ይነሣኛል። ይሄን ግን ለማንም አልነገርኩም።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ከሐኪም ቤት መጥተን ነው። እንደ ተናደድኩ ልጻፈው፣ ሲበርድ ልክ አይሆንም።

ኮሪደሩ ጠባብ ነው፣ ከግራና ከቀኝ አግዳሚ ወንበር። ልጄ ካርድ አውጥታ ስሜን አስመዘገበችና ልትከፍል ወደ መስኮቱ ሄደች። እኔ ከሰዎቹ መሃል ተቀመጥኩ። ሽማግሌዎች፣ አንዲት ሕፃን ያቀፈች እናት፣ አንድ የመኪና መካኒክ ቱታው ላይ ዘይት ያለበት። ሁሉም፣ ሕፃኑ ሳይቀር፣ ዓይናቸውን በሩ ላይ ተክለዋል። ማንም ከማንም አያወራም። ምን ያዩበታል ብዬ እኔም አየሁ።

በሩ ተከፈተ። ነርሷ ብቅ አለች፣ አፏ በጭንብል ተሸፍኗል፣ ዓይኗን ወረቀት ላይ አድርጋ ጭንብሉ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ገባች። ማንም አልተነሣም። ትንሽ ቆይታ እንደገና ብቅ አለች፣ ጭንብሉ ተንቀሳቀሰ፣ ገባች።

ያኔ ነው የገባኝ። ስም እየጠራች ነው!

ስልኩን አውጥቼ ከፈትኩት፣ ወደ በሩ ዘረጋሁት። ስትወጣ ምንም አልጻፈም። ሕንፃ ላይ የተሰቀለው ስልክ ከወንበሩ እስከ በሩ አይሰማም፣ እንደ እኔው ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ጣልኩትና ተነሣሁ። በሥራ ቦታዬ እንኳ ድምፄን ሰው አያውቀውም። ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ኮሪደሩን ሞላው፦

«ስሚ የኔ ልጅ! እዚህ የተቀመጥነው ጆሯችን እምቢ ብሎን ነው! እንዴት ነው እኛን በድምፅ የምትጠሩን?»

መካኒኩ አየኝ። ሽማግሌዎቹ አዩኝ። ሕፃን ያቀፈችው አፌን አይታ ፈገግ አለች። ነርሷ ወረቀቷን ይዛ ቆመች፣ ደክማለች፣ ጭንብሏን አወረደችው። ከንፈሯ ወጣ።

«ታዲያ በምን ልጥራችሁ፣ እናቴ?»

«መጥተሽ ንኪን! እጅ የለሽም?»

ልጄ ካርዱን ይዛ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር፤ ፊቷን በካርዱ ሸፍናለች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁም። ነርሷ ካርዱ ላይ ያለውን ስም አየች፣ ወረቀቷን አጠፈች። በወንበሮቹ መሃል አቋርጣ መጣች፣ ፊቴ ቆመች፣ ትከሻዬን ነካችኝ።

ስትጠራ የቆየችው እኔን ነበር።